ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር

ቁልፍ ሠሪው በሱቁ በር ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ አለ፦ «ባለቤቱ አጠገቡ ሳይቆም አይከፈትም።» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህችን ሕግ አልጣሳትም። አንድ ጊዜ ደህና የለበሰ ሰው የሚስቱን ሻንጣ አንጠልጥሎ መጥቶ «ቁልፉ ጠፍቶባት ነው» ቢለው፣ «እንግዲያው እሷን ይዘሃት ና» ብሎ ከነሻንጣው መልሶታል። ይህን ታሪክ ያልሰማ ደንበኛ የለም። ሲያወራው ደረቱ ይነፋል፤ መጨረሻ ላይም «ሚስቱን የማያምን ሰው ቁልፍ ሠሪ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው» ይላል። በሰው ሚስት እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

የእሱ ጣጣ የጀመረው በጃንጥላ ነው።

ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላና ጋዋን የሚተኩሱት ሴቶች አለቃ ናት። ካለፈው ወር ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ «ሥራ በዝቷል» እያለች አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባ ጀመር። አንድ ሐሙስ ዝናቡ ዶፉን ሲያወርደው ሰውየው ጃንጥላዋን ቤት ረስታ መሄዷ ትዝ አለው። መቼም ክፉ ባል አይደለም። ሱቁን ዘጋ፣ ቤት ሄዶ ጃንጥላውን አነሣና ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ።

«እሷን ነው?» አለው ዘበኛው። «እሷማ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚህ ታይታም አታውቅ።»

ቁልፍ ሠሪው «አዎ፣ ረስቼው ነው» አለ። ምን እንደረሳ ግን እሱም አያውቅም። ጃንጥላውን ሳይዘረጋ በዝናብ ተመለሰ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ሚስቱ ገባች። ጫማዋ ብቻ ረጥቧል፤ ፀጉሯ ደረቅ ነው።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ኧረ ተወኝ፣ የአንሶላ ክምር ሲፈጀኝ ዋለ።»

«ዝናቡስ?»

«አንዷ ልጅ አስጠለለችኝ።»

«አንዷ ልጅ» የምትለው ቃል አላሳመነችውም። ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ጠይቆ የሚሰማውን ፈራና መልሶ ዘጋው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ዓይኑ ሥራ አላጣም። ሳህን ስታጥብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ብቅ ሲል ዝም ትላለች። አልጋ ስታነጥፍ በጣቷ የሆነ ነገር ትቆጥራለች። አንድ ጠዋት ደግሞ መስተዋት ፊት ቆማ ምላሷን ጥርሷ መሀል አስገብታ ስትነፋ ያዛት፤ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አለችው። የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ምላሷን አውጥታ ለማን ነው የምታሳየው?

ከሁሉም የባሰው መሳቢያው ነው። መኝታ ቤታቸው ያለው ባለሦስት መሳቢያ ቁም ሳጥን በተጋቡ ሰሞን የገዙት ነው። በላይኛው መሳቢያ ላይ መቆለፊያ የገጠመላት ራሱ ነው። «ባለ ሙያ አግብተሽ ያልተቆለፈ መሳቢያ?» ብሎ ነበር ያኔ እየሳቀ። እሷ ግን ቆልፋው አታውቅም፤ ቁልፉ እዚያው እንደተሰካ አርጅቷል። ሲነኩት ሲጢጥ የሚል የተረሳ ነገር ነበር። አሁን ቁልፉ የለም። መሳቢያውም አይከፈትም።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዲት ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብታ እዚያው ቀርታለች። በሠርጓ ጊዜ «የማላውቀው ቋንቋ መሀል እንደ ዲዳ ተቀምጬ አልበላም» ብሎ ሳይሄድ ቀረ፤ ሚስቱም በዚያው ቀረች። አማቹ በስልክ ሲቀርብ እንደ ትኩስ ድንች ስልኩን ለሚስቱ ያቀብላል። የሰውየውን ቋንቋ ስም እንኳ ጠይቆ አያውቅም። በቅርቡ ልጅቷ ማርገዟን ስትነግራቸው እንኳን «እሰይ፣ ስትወልጂ ፎቶ ላኪልን» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሚስቱ ያን ቀን ብዙ አላወራችም። እሱም አላስተዋለም፤ ማስተዋል የጀመረው መጠርጠር ሲጀምር ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ጣሪያው ላይ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ቁልፍ ሠሪው መሳቢያው ፊት ተንበረከከ። ማስታወቂያውን አስታወሰ። «የራሴ ቤት ነው፣ የራሴ መቆለፊያ ነው» አለ ለራሱ፤ ሻንጣ አንጠልጥሎ የመጣው ሰውዬም ምክንያት አጥቶ እንዳልነበር አልጠፋውም። ቀጭን ሽቦ አስገባ፤ ሁለቴ አዞረ። ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

ውስጡ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። የእሷ ጽሑፍ ነው፤ ቋንቋው ግን የውጭ ነው። በገጹ ላይ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር የተሰጣቸው አጫጭር መስመሮች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ በቀይ ብዕር የተደረገ ምልክት አለ። የሌላ ሰው እጅ! ከእነሱ ራቅ ብሎ ሰባተኛ መስመር አለ፤ እሱ ላይ ቀይ የለም። ቁልፍ ሠሪው ወረቀት አወጣና ቁልፍ እንደሚቀርጽ ሰው ጥርስ በጥርስ መገልበጥ ጀመረ። ስድስተኛውን እንደጨረሰ ደረጃው ላይ እግሯን ሰማ። ደብተሩን መለሰ፣ መሳቢያውን ገፋ፣ ሽቦውን አዙሮ ቆለፈ። ከዚያ እጁ እንደ ልማዷ ደረት ኪሱ ውስጥ ገባች፤ ትንሿን የዘይት ጣሳ አውጥታ በቁልፉ ቀዳዳ አንድ ጠብታ ጠብ አደረገች፤ በእጅጌው ጠረገች። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ልቡ ደረጃው ላይ ነበር። ሚስቱ ባዶ መዘፍዘፊያ ይዛ ስትገባ ተነሥቶ መስኮት አጠገብ ቆሟል።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ገርጥቷል።»

«ሙቀት ነው» አለ። የቀኑ አየር ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ሮብ ዕለት ወረቀቱን ይዞ መርከበኛው ጋር ሄደ። መርከበኛው ከሱቁ ማዶ ያረጁ ራዲዮዎች የሚሸጥ፣ ወጣትነቱን በጭነት መርከብ የጨረሰ ሰው ነው፤ አምስት ቋንቋ ይሳደባል፣ ሦስቱን ያነባል።

«ስፓኒሽ ነው» አለ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ከየት አመጣኸው?»

«አንድ ደንበኛ ረስቶት ሄዶ ነው። አደገኛ ነገር እንዳይሆን ብዬ...»

መርከበኛው ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ። «አንድ፦ በጊዜ ብንሄድ ይሻላል። ሁለት፦ እንዳይነቃ ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስት፦ ልብ የሚል አይመስለኝም።» እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየውና ቀጠለ። «አራት፦ እንዳይቆጣ እፈራለሁ። አምስት...» ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

«አንብበው እንጂ!»

«ኪዬሮ ኬ ኖስ ካሴሞስ። እንድንጋባ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ስድስት፦ ሲተኛ ደውልልኝ።» ወረቀቱን አጠፈና መለሰለት። «ጋሼ፣ ይሄ ደንበኛህ ሚስት ካለው ይጠንቀቅ በለው።»

«ሚስት የለውም» አለ ቁልፍ ሠሪው፤ ድምፁ የእሱ አልመስል አለው።

ያን ቀን ሁለት ቁልፍ አበላሸ። ሲተኛ ደውልልኝ! እሱ ደግሞ ራሱን ትራስ ላይ ባሳረፈ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያንኮራፋ ሰው ነው። በትዳር ዘመኑ ሁሉ እንቅልፉ ላይ ሲቀለድበት የኖረ መሰለው። እራት ላይ ሚስቱ በዝምታ ታየው ነበር። አንዴ እንዲያውም «የምትጠይቀኝ ነገር አለ?» አለችው። «ምን እጠይቅሻለሁ?» አለና ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። እሷም ጥቂት ጠብቃ ተነሣችና ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ስልክ ደወለች። ለማን እንደሆነ አልሰማም፤ «ብቻዬን» የምትል ቃል ብቻ ሰማ። ትበቃዋለች፤ ያቺን ቃል ይዞ አልጋው ላይ ተገላበጠ።

ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በፊት ሱቁን ዘግቶ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ የጋዜጣ መሸጫ ጀርባ ቆመ። ሚስቱ ወጣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሁለት መንገድ አቋርጣ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ካለበት ባለሦስት ፎቅ ሕንፃ ገባች። ቁልፍ ሠሪው ደረጃውን በጫማው ጫፍ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከአንድ በር ኋላ ድምፅ ይሰማል። ጆሮውን ቀሰረ። ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው።

«ኪዬሮ ኬ ኖስ ካሴሞስ!» አለ ሰውየው።

ይህችን ከነድምፅዋ ያውቃታል። ከዚያ የሚስቱ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ያለ ኀፍረት፦ «ኪዬሮ ኬ ኖስ ካሴሞስ።»

በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። በሩ መጀመሪያውኑ አልተቆለፈም ነበርና ከተጠበቀው በላይ ሮጦ ገብቶ መሀል ክፍሉ ላይ ቆመ።

አሥራ አንድ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ባለ ወፍራሙ ድምፅ ሰባ ዓመት የሚሆነው፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጠመኔ የያዘች ወጣት መምህርት ቆማለች። ሰሌዳው ላይ እሱ ጥርስ በጥርስ የገለበጣቸው ስድስት መስመሮች በትልልቁ ተጽፈዋል።

«እኛ ሁላችንም ልንጋባ ነበር» አለ ፖስተኛው። «ተቃውሞ ካለህ ተናገር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም። የሚገርመው አልደነገጠችምም።

«ባለቤቴ ነው» አለች ለመምህርቷ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ! ይቀመጡ፣ ቦታ አለ።»

መቀመጥ አልፈለገም፤ ሮጦ ለመውጣትም አፈረ። ከሚስቱ አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር። ተቀመጠ። መምህርቷም ለአዲሱ ተማሪ ስትል ከመጀመሪያው ጀመረችው።

«ሰሞኑን የያዝነው ድርጊቱ ወደ ራሱ ወደ አድራጊው የሚመለስበትን ግስ ነው። መንቃት፣ መቀመጥ፣ መቆጣት፣ መሄድ። እነዚህ ሁሉ በስፓኒሽ ሜ፣ ቴ፣ ሴ የምትል ትንሽ ቃል አብራቸው ትሄዳለች። ሴ ኤኖሃ፣ ይቆጣል። ይህ የምናውቀው፣ ያየነው ነገር ነው። የምንመኘውን፣ የምንፈራውን፣ የምንጠራጠረውን ስንናገር ግን ግሱ ጫፉን ይለውጣል። ቴንጎ ሚዬዶ ዴ ኬ ሴ ኤኖሄ፣ እንዳይቆጣ እፈራለሁ። አያችሁ? ኤኖሃ የነበረው ኤኖሄ ሆነ።»

ይህን ቁልፍ ሠሪው ከማንም በላይ ገባው። አንድ ጥርስ በሞረድ ብትነካ ቁልፉ ሌላ በር ይከፍታል። መምህርቷ «ስላላረጋገጥነው ነገር ስናወራ የምንጠቀምበት ነው» ስትል ግን አንገቱን ደፋ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር የኖረው።

ሲወጡ መንገዱ ላይ ሰው በዝቷል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ።

«መሳቢያዬን የከፈትከው ሰኞ ነው አይደል?» አለች ሚስቱ፣ ወደ ፊት እያየች።

ሊክድ አሰበ። «ማን ነገረሽ?»

«ዘይትህ።»

ደረት ኪሱን ሳያውቅ ያዘ።

«ከተጋባን ጀምሮ ሲጢጥ ሲል የኖረ መቆለፊያ ማክሰኞ ጠዋት ጸጥ አለ። እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ሌባ ዘይት አይቀባም። መቆለፊያ ሰብሮ የሚያክም ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።»

«አልሰበርኩም፤ በሽቦ ነው...» አለና የሚናገረው ነገር አሳፈረው። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስክትጠይቀኝ ነዋ! ማክሰኞ ጠበቅኩ። ሮብ እራት ላይ እኔው ጠየቅኩህ። አንተ ሳህንህን ታያለህ።»

«አንቺስ? አንቺ ለምን ደበቅሽኝ? ሥራ በዝቷል፣ አንሶላ ፈጀኝ...»

«የቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ይዤ ሱቅህ የመጣሁ ቀን ምን እንዳልክ ረሳኸው? "በዚህ ዕድሜሽ ምላስሽ እንዳይሰበር" ብለህ በደንበኞችህ ፊት አሳቅክብኝ። ራዲዮ የሚሸጠው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። ልጄን ላርስ ሄጄ፣ ምጥ ሲይዛት ከአዋላጇ ጋር በምን ላውራ? ከአማቷ ጋር አንድ ማድ ቤት ውስጥ ሦስት ወር በጥቅሻ ልኑር? ልነግርህ ብዬ ነበር፤ ትንሽ ስችል፣ ሳትስቅብኝ።»

ያን ቀን መሳቁ አሁን ትዝ አለው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አስቦት አያውቅም ነበር።

ቤት እንደገቡ ሚስቱ መሳቢያውን በቁልፏ ከፈተች። ድምፅ የለውም። ደብተሩን አውጥታ ያችኑ ገጽ ገለጠችለት። ሰባተኛው መስመርም አሁን ቀይ ምልክት አርፎበታል።

«ይሄን ለምን አልገለበጥከውም?»

መገልበጡን እንዴት እንዳወቀች ለመጠየቅ አልደፈረም። «እግርሽን ሰማሁ» አለ።

«ስድስቱ የመምህርቷ ምሳሌ ናቸው። ሰባተኛውን "ከራሳችሁ ሕይወት ጻፉ" ብላን ነው የጻፍኩት።» ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስኬደች። «ኦሃላ ሴ ቤንጋ ኮንሚጎ። ምነው ከእኔ ጋር ቢመጣ።»

ቁልፍ ሠሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ክፍል ውስጥ ከእሷ አጠገብ የነበረው ባዶ ወንበር ትዝ አለው።

«እመጣለሁ» አለ። «ሱቁን እዘጋለሁ። እመጣለሁ።»

«ልጅህ የምትመጡት አንድ ናችሁ ሁለት እያለች ስትወተውተኝ ከረመች። ሮብ ማታ ደውዬ ብቻዬን ነኝ አልኳት። ቲኬቱንም በዚያው ቆርጣዋለች።» እንደ መቆጣት አልነበረም አነጋገሯ፤ ደክሟት ነበር። «ሮብ ብትጠይቀኝ ኖሮ ሁለት እላት ነበር።»

መፍቻውን አወጣና መቆለፊያውን ሊነቅል ተነሣ። «በቃ ይቅር፣ ከዚህ በኋላ በቤታችን የሚቆለፍ ነገር...»

«አትንካው!» አለችው። «መቆለፊያው ይኑር። እንዳትከፍተው ነው የምፈልገው። ደግሞ ጩኸቱን መልስልኝ።»

ያን አመሻሽ ቁልፍ ሠሪው በሥራ ዘመኑ ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ሠራ። መቆለፊያውን ፈትቶ በቤንዚን አጠበ፤ ያቺን ጠብታ ዘይት ከእያንዳንዱ ጥርስ ጠርጎ አወጣ። መልሶ ሲገጥመው ሲጢጥ አለ። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ቆልፋ ከፈተችውና ራሷን ነቀነቀች።

ከሄደች እነሆ ሦስት ወር ሞላ። መሳቢያው እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉን ይዛው ሄዳለች። ሰውየው አልነካሁትም ይላል፣ እኛም እንመነው። ሱቁ ማክሰኞና ሐሙስ በአሥር ሰዓት ይዘጋል። ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው በእሷ ወንበር ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለው የእሱ ወንበር ባዶ ነው። ምላሱ አልተሰበረም፤ ግን ብዙ ይደናቀፋል፣ ፖስተኛውም ምሕረት የለውም።

ባለፈው እሑድ ሚስቱ ደወለች። የልጅ ልጁ ደህና ነው፣ ክብደት ጨምሯል። ከጀርባዋ ሰዎች ይስቃሉ፤ እሷም ዞር ብላ በዚያ ቋንቋ ቶሎ ቶሎ መለሰችላቸውና አብራቸው ሳቀች። ቁልፍ ሠሪው ከተናገረችው ውስጥ አንዲት «ሴ» ብቻ ያዘ። ከዚያ «አንድ ወር ልጨምር ነው» አለችው። «ለምን?» ብሎ ጠየቀ፤ አሁን መጠየቅ ተምሯል። «ልጃችን ገና አልጠነከረችም» አለችው። መልሱ በቂ ነበር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ያንን ሳቅ ደጋግሞ ሰማው።

ማክሰኞ መምህርቷ የቤት ሥራ ሰበሰበች፤ ወደ ራሱ የሚመለስ ግስ፣ በምኞት ወይም በፍርሃት፣ ከራስ ሕይወት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ቁልፍ ሠሪው ሱቁ ውስጥ ጠዋቱን ሙሉ ሲሞርደው ነበር ያረፈደው። ወረቀቱን ሰጣት። «ቴንጎ ሚዬዶ ዴ ኬ ሴ ኬዴ» ይላል። እዚያው እንዳትቀር እፈራለሁ።

መምህርቷ አነበበችው። የግሱን ጫፍ አየች፣ ትንሿን ቃል አየች፣ ቀይ ምልክት አደረገችበት።

«በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ! አንድም ስሕተት የለውም።»

ፖስተኛው አንገቱን አስግጎ አየና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ፣ «ይሄ የእውነት ነው ወይስ ምሳሌ?» አለው።

ቁልፍ ሠሪው ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ከዘይት ጣሳዋ አጠገብ ከተተው።

«ምሳሌ ነው» አለ።